አንድ ሙሉ ወቅት በሌዘር ጀልባ፦ ልትገዙ ካሰባችሁ መጀመሪያ ይህን አንብቡ

ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ፖቶማክ ወንዝ ላይ ሌዘር በምትባል ትንሽ የአንድ ሰው የሸራ ጀልባ ስወዳደር ከረምኩ። 15 እሁድ ወጥቻለሁ። 38 ዙር ጨርሻለሁ፣ ሌላ 6 ዙር ደግሞ ሳልጨርስ ተመልሻለሁ። ባለፈው ሳምንት ጀልባዋን አጥቤ፣ የኋላ ቡሿን ነቅዬ፣ ገልብጬ አስቀመጥኳት። ወዳጆቼ እየደወሉ ስለሚጠይቁኝ ለእያንዳንዱ ከምደጋግመው አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። በተለይ እዚህ ዋሽንግተንና ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ድልድዩን በመኪና ስታቋርጡ ታች ውሃው ላይ ነጫጭ ሸራ አይታችሁ "ይሄ ለእኛ የሚሆን ነገር አይደለም" ያላችሁ ካላችሁ፣ ይህ ለእናንተ ነው። ይሆናል።

ፍርዴን ላስቀድም። ብቻውን መወዳደር ለሚፈልግና ብዙ ገንዘብ ለሌለው ሰው ከሌዘር የተሻለ ጀልባ አላየሁም። ግን ትልቁን ሸራ ይዛችሁ አትጀምሩ። እኔ የወቅቱን መጀመሪያ ያጣሁት በእሱ ነው። ወደዚያ እመጣለሁ።

ሌዘርን ለማታውቁ፦ ርዝመቷ 4.2 ሜትር ገደማ ነው። ወርዷ 1.37 ሜትር፣ ባዶ አካሏ 59 ኪሎ። ከፋይበርግላስ የተሠራች ናት። አንድ ሰው፣ አንድ ሸራ፣ አንድ ምሰሶ፣ በቃ። ምሰሶው ለሁለት ተከፍሎ የሚገጣጠም ነው፣ ሸራው እንደ ካልሲ ይጠለቅበታል። ከጋሪዋ አውርጄ፣ ሸራዋን አልብሼ ውሃ ውስጥ እስካስገባት 20 ደቂቃ ይበቃኛል። ብሩስ ከርቢ የሚባል ካናዳዊ ንድፍ አውጪ ነው የሳላት። በ1969 ኢያን ብሩስ ስልክ ደውሎ መኪና ጣሪያ ላይ ተጭና የምትሄድ ትንሽ ጀልባ እንደሚፈልግ ሲነግረው፣ እያወሩ ሳለ ወረቀት ላይ ጫር ጫር ያደረጋት ናት። በ1971 መጀመሪያ ኒውዮርክ የጀልባ ኤግዚቢሽን ላይ ለሕዝብ ቀረበች። ከዚያ ወዲህ ከ200 ሺህ በላይ ተሠርታለች። ከ1996ቱ አትላንታ ጀምሮ ኦሎምፒክ ላይ አለች፣ ሴቶች ደግሞ ከ2008 ጀምሮ በመካከለኛው ሸራ ይወዳደሩባታል። ብራዚላዊው ሮበርት ሻይት በ1996 እና በ2004 ወርቅ የወሰደው በዚህችው ጀልባ ነው።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ለታሪክ ብዬ አይደለም። የሌዘር ዋናው ነገር እኩልነቷ ነው። ደንቡ ጥብቅ ነው። አካሏን መቅረጽ፣ ምሰሶ መቀየር፣ የራስህን ሸራ ማሰፋት አይቻልም። እኔ በ1,700 ዶላር የገዛኋትና ጎኔ የተሰለፈው ሰውዬ አዲስ ያወጣት ጀልባ ቅርጻቸው አንድ ነው። እሱ ቀድሞኝ ሲገባ ጀልባው ስለተሻለ ነው ማለት አልችልም። ይህ መጀመሪያ ላይ ያማል። በኋላ ግን ትልቅ ነፃነት ነው፣ ምክንያቱም ያጠፋኸውን ነገር ፈልገህ ታገኘዋለህ።

ስም ላይ እንዳትደናገሩ ደግሞ። ከ2019 ወዲህ የጀልባዋ የውድድር ክፍል (ዓይነቷ በውድድር የሚጠራበት) ስሙን ቀይሮ "ኢልካ" ነው የሚባለው። ኢልካ 7 ማለት ትልቁ ሸራ ነው፣ 7.06 ካሬ ሜትር። ኢልካ 6 ድሮ ራዲያል ይባል የነበረው ነው፣ 5.76 ካሬ ሜትር። ኢልካ 4 ትንሹ ነው፣ 4.7። የጀልባዋ አካል ለሦስቱም አንድ ነው። የሚቀየረው ሸራውና የምሰሶው የታችኛው ክፍል ብቻ ነው። ያገለገለ ስትፈልጉ በሁለቱም ስም ፈልጉ።

አሁን ስለ አገዛዜ ልንገራችሁ፣ እናንተ እንዳትደግሙት። ከግለሰብ ነው የገዛኋት። ጓሮ ውስጥ ተገልብጣ ነበር፣ ንጹህ፣ ቀለሟ ደህና። ሰውዬው "ጠብታ ውሃ አታስገባም" አለኝ፣ እኔም አመንኩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት እሁዶች ወደ ኋላ ስቀር ችሎታዬ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሦስተኛው እሁድ ላይ ከውሃ ስናወጣት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሆነን ለሁለት ማንሳት አቃተን። ጋሪዋ ላይ አጋደልናትና ቡሿን ፈታሁ። ውሃው እንደ ተከፈተ ቧንቧ ወረደ። ቆመን እናያለን፣ አይቆምም። ስልኬን አውጥቼ ሰዓት ያዝኩ፣ 11 ደቂቃ ፈሰሰ። ምሰሶው የሚቆምበት ጉድጓድ ታች ላይ በጣት ጥፍር የማይያዝ ቀጭን ስንጥቅ ነበረ። በዚያች ነው ያን ሁሉ ውሃ የጠጣችው። ማስጠገኛው 240 ዶላርና ሁለት እሁድ ወሰደብኝ።

ስለዚህ ያገለገለ ሌዘር ልትገዙ ስትሄዱ አንድ ጠርሙስ ውሃ ያዙ። ጀልባዋን በትክክል አስቀምጡና የምሰሶውን ጉድጓድ በውሃ ሙሉት። ከዚያ ከሻጩ ጋር ወግ አውሩ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ውሃው ዝቅ ካለ ወይ ትታችሁ ሂዱ ወይ ዋጋውን አስቀንሱ። የምሰሶውን የላይኛውን ክፍል ደግሞ ጠፍጣፋ መሬት ላይ አንከባልሉት፣ ከጎበጠ ሲንከባለል ይዘላል። በእጃችሁ የላይኛውን ገጽ በተለይ እግር በሚያርፍበት ጎን ጫን ጫን አድርጉ፣ እንደ ስፖንጅ ከሰመጠ ውስጡ ተበልቷል ማለት ነው። ሚዛን ካገኛችሁ መዝኗት። አፍራችሁ እንዳትተዉ፣ ማንም የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያደርግ ሻጩ አይቀየምም።

ወደ ውሃው እንግባ። የምንወዳደርበት ቦታ ከሬገን ኤርፖርት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው፣ ዴንገርፊልድ አይላንድ የሚባለው፣ ብስክሌተኞች በማውንት ቨርነን መንገድ የሚያልፉበት። ወደ ሰሜን ስታዩ የካፒቶል ጉልላት ይታያል፣ ወደ ደቡብ የዉድሮው ዊልሰን ድልድይ። አውሮፕላኖቹ ዝቅ ብለው ስለሚያልፉ የመነሻውን ጡሩምባ የማትሰሙበት ጊዜ አለ፣ ስለዚህ ባንዲራውን ማየት ልመዱ። 5 ደቂቃ ሲቀር የክፍሉ ባንዲራ ይወጣል። 4 ሲቀር የዝግጅቱ። 1 ደቂቃ ሲቀር የዝግጅቱ ይወርዳል። ዜሮ ላይ የክፍሉ ይወርድና ሁሉም ይለቀቃል። የውሃ ሰዓት ከሌላችሁ ግዙ። እኔ በ5ቱ ደቂቃዎች ውስጥ የምሠራውን ነገር እስክለምድ ድረስ ከመነሻው መስመር ሁሌም 20 ሜትር ኋላ እገኝ ነበር፣ በውድድር ደግሞ 20 ሜትር ማለት ከፊታችሁ ያሉ ሸራዎች ያቆሸሹትን ንፋስ እየበላችሁ መሄድ ማለት ነው።

ወንዙ ቀላል አይደለም። የባህሩ መሙላትና መጉደል እዚህ ድረስ ይደርሳል፣ ውሃው አንድ ሜትር ገደማ ከፍና ዝቅ ይላል፣ ሲወርድ ደግሞ ይዟችሁ ይሄዳል። በበጋ ንፋሱ ይሞታል። ከሰዓት ላይ ድንገት ጥቁር ደመና መጥቶ ነጎድጓድ ሲጀምር ሁሉም ወደ ዳር ይሮጣል። በመከር ወቅት ግን ቅዝቃዜው ሲገባ ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣ ንፋስ አለ፣ አንዴ በጥፊ ይመታና ይጠፋል፣ እንደገና ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል። እኔ የምወደው እሱን ነው። ባህር ዳር ያደገ ሰው የከሰዓትን ንፋስ ያውቃል። ጣና ላይ ጠዋት ውሃው እንደ መስታወት ነው፣ ከሰዓት ይናወጣል። ወደ ገዳማቱ የሚሄዱት ጀልባዎች በጠዋት የሚነሱት ለዚህ ነው። ልጅ ሆኜ የነገደ ወይጦ ሰዎች ከደንገል በሠሩት ታንኳ እንጨት ጭነው ሲመጡ ቆሜ አይ ነበር። ያ ሁሉ ጊዜ ውሃ አጠገብ ኖሬ ሸራ የያዝኩት ግን ቨርጂኒያ ነው።

ሌላም ያገኘሁት የአገሬ ነገር አለ፣ አረሙ። በሐምሌና በነሐሴ ሃይድሪላ የሚባል የውሃ ውስጥ ሣር ወንዙን ይሞላዋል። የጣናን እምቦጭ ያየ ሰው ያዝናል ነገሩን ሲያይ። እምቦጭ ከላይ ተንሳፍፎ ነው፣ ሃይድሪላ ግን ከታች ስለሆነ አይታይም። ጀልባዋ ስር ቀጥ ብሎ በሚገባው ሳንቃና በመሪው ላይ ይጠመጠማል። ምንም ሳይታወቃችሁ ፍጥነታችሁ ይወርዳል። መድኃኒቱ ሳንቃውን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ መመለስ ነው፣ መሪውን ደግሞ በእጅ ማጽዳት። ይህን በየ5 ደቂቃው የሚያደርግና የማያደርግ ሰው ልዩነታቸው በነሐሴ ወር ውጤት ላይ በግልጽ ይታያል።

እሺ፣ ትልቁ ሸራ።

ጀልባዋ ከትልቁ ሸራ ጋር ነው የመጣችው፣ 7.06ቱ። እኔ 66 ኪሎ ነኝ። ሰው ሁሉ የሚለው ለትልቁ ሸራ 80 ኪሎ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። እኔ ግን ክለባችን ውስጥ ወንዶቹ በሙሉ እሱን ስለያዙ ያንኑ ያዝኩ። ንፋሱ ቀላል ሲሆን ችግር የለም፣ እንዲያውም እፈጥን ነበር። ንፋስ ሲነሳ ግን ጀልባዋን ቀጥ አድርጎ ለመያዝ እግርን ማሰሪያው ውስጥ ከቶ ሰውነትን በሙሉ ወደ ውጭ መዘርጋት ነው፣ ከኪሎዬ በላይ የሆነ ነገር እየያዝኩ። በግንቦት አንድ እሁድ 4 ጊዜ ተገለበጥኩ። አራተኛው ላይ ሳንቃው ላይ ቆሜ ላቃናት ስል እጄ ገመዱን መጨበጥ አቃተው። የነፍስ አድን ጀልባዋ መጥታ ጎተተችኝ።

ዳር ላይ ሁልጊዜ አንድ አባት አሉ። ድሮ ምጽዋ ባህር ኃይል ውስጥ ያገለገሉ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አሁን አይወጡም፣ ግን ሻያቸውን በቴርሞስ ይዘው መጥተው ውድድሩን ከዳር ሆነው ያያሉ። ያን ቀን ሸራዬን ስጠቀልል አጠገቤ መጡ።

"ልጄ፣ ሸራህን አሳንስ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ሁሉም ትልቁን ነው እኮ የያዘው" አልኳቸው።

"ሁሉም ያንተን ኪሎ አይመዝንም። ንፋስ አይታገሉትም፣ የሚችሉትን ያህል ነው የሚወስዱት።"

ሁለት ሳምንት አመነታሁ። ከዚያ የራዲያሉን ሸራና የታችኛውን ምሰሶ ያገለገለ በ350 ዶላር ገዛሁ። እመኑኝ፣ ሌላ ጀልባ ሆነች። መጀመሪያ የወጣሁበት ቀን ውሃው ላይ ነጭ አረፋ ነበረ፣ ትልቁን ሸራ የያዙት ግማሾቹ ይገለበጣሉ፣ እኔ ዘርግቼ ተቀምጬ ወደ ፊት እያየሁ ነው የምነዳው። ለመጀመሪያ ጊዜ ንፋሱ ወዴት እንደዞረ አስተዋልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኔ በላይ ያለው ጀልባ የሚያደርገውን አየሁ። ከ18 ጀልባ 7ኛ ወጣሁ። በግንቦት በተመሳሳይ ንፋስ 16ኛ ነበርኩ። እርግጥ ንፋስ በሌለበት ቀን ትንሹ ሸራ ያዘገያል፣ ያን አልደብቅም። ሐምሌ ላይ ሦስት እሁድ ጭራ ነበርኩ። ግን ድምሩን ሳየው ትርፉ ይበልጣል፣ ልምዱ ደግሞ በጭራሽ አይወዳደርም፣ ምክንያቱም ተገልብጦ የሚውል ሰው የሚማረው ጀልባ ማቃናት ብቻ ነው።

ጀልባዋ የምታናድድበት ነገርም አላት። ዋናው የኋላ ማዕዘኗ ነው። ከንፋሱ ጋር እየሄዳችሁ ሸራውን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ስታዞሩ ሸራውን የምትቆጣጠሩበት ዋናው ገመድ ይላላና ወደ ኋላ ይወድቃል። ከዚያ የጀልባዋ ማዕዘን ላይ ይጠለፋል። ሸራው ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ጀልባዋ ትዞራለች፣ እናንተ ውሃ ውስጥ ናችሁ። ይህ ከ50 ዓመት በላይ ያለ የሌዘር ባህሪ ነው፣ ማንም አላስተካከለውም። የሚሠራው ነገር ሸራው ሊዞር ሲል ገመዱን አንድ ጊዜ ጠበቅ አድርጎ በእጅ መንጠቅ ነው፣ ልክ በቅሎን በልጓም ሳብ እንደሚያደርጉት። ጊዜው ከግማሽ ሴኮንድ አይበልጥም። ቀድማችሁ ከነጠቃችሁ ምንም አያደርግም፣ ከዘገያችሁ ተጠልፏል። እኔ እስከ መስከረም ድረስ ከ5ቱ አንዱን እስት ነበር። አንድ እሁድ ጠዋት ውድድር ሳይጀመር ብቻዬን ወጥቼ 40 ጊዜ አዞርኩት፣ ከዚያ በኋላ እጄ ራሱ ያውቀዋል።

ሸራውን የሚይዘው አግዳሚ ምሰሶ በጣም ዝቅ ያለ ነው። ረጅም ሰው ከሆናችሁ ጭንቅላታችሁን ጠብቁ። መቀመጫ ብሎ ነገር የለም፣ ጠርዝ ላይ ነው። ጭኑ ላይ ያለው ጡንቻ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያቃጥላል፣ ሰኞ ደረጃ መውረድ አቅቶኝ ያውቃል። ጉልበት ወይም ወገብ የሚያማችሁ ከሆነ ይህችን ጀልባ አልመክራችሁም። ለእናንተ ሁለት ሰው የሚይዙት እንደ አልባኮር ያሉት ይሻላሉ፣ እዚያው ወንዝ ላይ አሉ፣ ሰው ፈላጊም አያጡም።

ልብስ ላይ አትቆጥቡ። በሚያዝያ አየሩ ሞቅ ይላል፣ ውሃው ግን ገና በረዶ ነው። እኔ የውሃ ልብሱን 130፣ የነፍስ አድን ጃኬቱን 70 ዶላር ነው የገዛሁት። ያለ ጃኬት አትውጡ፣ ዋና ብትችሉም። ስትገለበጡ ደግሞ ከሁሉ በፊት ገመዱን ያዙ። ጀልባዋ ቀላል ስለሆነች ንፋሱ ገፍቶ ይወስዳታል፣ ዋኝታችሁም አትደርሱባትም።

ምግብም ላንሳ፣ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ። ወቅቱ ሲጀመር ሁዳዴ ነበር። ከቅዳሴ መልስ በቀጥታ ነው ወደ ወንዙ የምሄደው። በሶ በጠርሙስ በጥብጬ፣ ትንሽ ስኳር ጨምሬ ይዤ እገባለሁ። በሁለት ዙር መካከል ያለችው 10 ደቂቃ ላይ ሁለት ጉንጭ ነው። ሌሎቹ በፋብሪካ የታሸገ ጣፋጭ ነገር ይበላሉ። አንዱ ቀምሶ አሁን እሱም በሶ ያስመጣል።

ወጪዬ ተደምሮ ወደ 2,500 ዶላር ነው፦ ጀልባዋ፣ ጥገናው፣ ሁለተኛው ሸራና ምሰሶ፣ ልብስና ጃኬት። የማስቀመጫና የክለብ ክፍያ አልጨመርኩም። አዲስ ለውድድር የተፈቀደ ሸራ ብቻውን ከ500 ዶላር በላይ ስለሆነ ያገለገለ ፈልጉ። ተመሳሳይ ርካሽ ሸራዎች አሉ፣ ለልምምድ ጥሩ ናቸው፣ ትልልቅ ውድድር ላይ ግን አይፈቀዱም።

ያልጠበቅኩት ነገር ሰዎቹ ናቸው። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ማንም አያናግረኝም ብዬ ነበር። ከውሃ ስወጣ 1ኛ የወጣው ሰው ራሱ መጥቶ ሸራዬን ዓይቶ "ይህን ገመድ ሁለት ጣት አላላው" አለኝ። የእሱና የእኔ ጀልባ አንድ ስለሆነች ምክሩ ያለ ምንም ማስተካከያ ይሠራል። አላላሁት፣ ሠራ። አንድ ጊዜ ምልክቱን (በውድድሩ የምንዞርበትን ተንሳፋፊ) ዙሬ ሳልፍ ጀልባዬ ነካችው። ማንም አላየም። ደንቡ አንድ ሙሉ ዙር ዞራችሁ ቅጣታችሁን ውሰዱ ይላል፣ ዳኛ ቆሞ አይጠብቃችሁም፣ ራሳችሁ ናችሁ። ዞርኩ፣ 3 ቦታ አጣሁ። ዳር ስደርስ ለካ ጋሼ አይተውኝ ኖሯል። ሻይ ቀዱልኝና ምንም ሳይሉ ሰጡኝ።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ከ10 ስምንት ተኩል። አንዱ ተኩል የሚቀነሰው ለኋላ ማዕዘኗና ለጉልበቴ ነው።

በሚቀጥለው ሚያዝያ እመለሳለሁ፣ በራዲያሉ። ትልቁን ሸራ ከነታችኛው ምሰሶው ለመሸጥ አስቀምጫለሁ። ሸራው ንጹህ ነው፣ ስፌቱ አልተፈታም፣ ምሰሶው አልጎበጠም። 80 ኪሎ አካባቢ የሆነ ሰው ካለ ይምጣ፣ መሬት ላይ አንከባልሎ ይየው።